የአባይ መንገድ መሪ ስሙ ማን ነው?

ዛሬ የምጽፈው ስለ ዓሣ ነው። «መምህር ደግሞ ከታሪክ ወጥቶ ዓሣ ውስጥ ገባ» እንዳትሉ፣ ታሪክ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከዋሽንግተን ግዛት ተነስቶ በካናዳ በኩል እስከ አላስካ ባለው ባሕር ላይ አንድ የታወቀ የእንጀራ መንገድ አለ። ጀልባ ያለው ሰው እንግዳ ይቀበላል። እንግዳው ዓሣ ማጥመድ ይወዳል፣ ባሕሩን ግን አያውቅም። የቀኑን ከፍሎ ከባለ ጀልባው ጋር ጎህ ሳይቀድ ይወጣል። ባለ ጀልባው መንጠቆውን ያዘጋጅለታል፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚጎድል ያውቅለታል፣ የት ቆሞ እንደሚጥል ያሳየዋል። ከሚያጠምዱት አንዱ ሳልመን ይባላል። ወንዝ ውስጥ ተወልዶ ባሕር ወርዶ ያድጋል፤ እንቁላል የሚጥልበት ጊዜ ሲደርስ የተወለደበትን ወንዝ በሽታው ለይቶ ይመለሳል። ሌላው ሃሊበት ነው። ጠፍጣፋ ነው፣ ከባሕሩ ወለል ላይ ይተኛል፣ ትልቁ ከሁለት ኩንታል በላይ ይመዝናል። ሳልመንን ለመያዝ የሚያልፍበትን መንገድና ወሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሃሊበትን ለመያዝ ደግሞ ከውሃው በታች ያለውን መሬት ማወቅ ያስፈልጋል፤ የት ገደል እንደሆነ፣ የት ሜዳ እንደሆነ።

እንግዲህ እንግዳው ገንዘቡን የሚያወጣው ለዓሣው ብቻ አይደለም። ዓሣማ ገበያም ይገኛል። የሚከፍለው ውሃውን ለሚያውቅ ሰው እውቀት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ። በአሜሪካ እስከ ስድስት የሚከፍሉ መንገደኞችን የሚጭን የጀልባ መሪ ፈቃድ ለማውጣት ከሚጠየቁት ማስረጃዎች አንዱ ቢያንስ 360 ቀን ውሃ ላይ ጀልባ ሲሠራ ማሳለፉ ነው። ይቺን 360 ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስባታለን።

«ይሄ እኛን አሶሳ ያለነውን ምን አገባን?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ባሕር የለንም፤ ምጽዋና ዳህላክም ቢሆኑ ከኛ ከተለዩ ቆዩ። ሳልመንም የለንም። የሳልመን ዘመድ የሆነው ትራውት ብቻ በንጉሡ ዘመን ከውጭ መጥቶ ባሌ ተራራ ላይ ባሉ ቀዝቃዛ ወንዞች ተለቋል፤ እስከ ዛሬ መንጠቆ ይዞ የሚሄድለት እንግዳ አለው።

ግን ሐይቅ አለን። ለዚያውም አዲስ ሐይቅ! መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የመሠረት ድንጋይ ተጣለ። ሐምሌ 2012 ላይ የመጀመሪያው ውሃ ተያዘ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ተመረቀ። ከጀርባው የተኛው ውሃ ንጋት ሐይቅ ተባለ። ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ወደ 1,874 ካሬ ኪሎሜትር ይሸፍናል። በስፋት ጣና ይበልጠዋል። ነገር ግን ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ እንኳ 14 ሜትር አካባቢ ነው፤ የግድቡ ከፍታ ደግሞ 145 ሜትር ነው። ስለዚህ በያዘው ውሃ መጠን ንጋት ጣናን ከእጥፍ በላይ ያስከነዳል።

ዓሣውም ሌላ ነው። ጣና ከታች ካለው አባይ በጢስ እሳት ፏፏቴ ተለይቷል። ወደ 40 ሜትር የሚወርደውን ያን ፏፏቴ ዓሣ ሽቅብ ሊዘለው አይችልም። ለዚህ ነው ጣና ውስጥ ነጭ ዓሣ፣ ማለትም ናይል ፐርች የሌለው። ከፏፏቴው በታች ግን ከሱዳን ጋር የሚገናኘው የናይል ዓሣ ሁሉ አለ። ናይል ፐርች ሁለት ኩንታል ሊደርስ ይችላል። ውሻ ጥርስ ያለው፣ ፈረንጆቹ «የነብር ዓሣ» የሚሉትም አለ። በመንጠቆ የሚያጠምድ እንግዳ ካለበት አገር አውሮፕላን የሚሳፈረው ለነዚህ ለሁለቱ ነው። አርባ ምንጭ ጫሞ ላይ ይሄ ነገር ድሮም የታወቀ ነው። ንጋት ላይ ደግሞ መምጣቱ አይቀርም። መረብ የያዘው ከወዲሁ ገብቷል፣ ዓሣውም ወደ ገበያ መውጣት ጀምሯል።

ጥያቄዬ እንግዳው ሲመጣ ጀልባዋን የሚመራለት ማን ነው የሚል ነው። ለዚህ መልስ ለመስጠት ወደ ኋላ መሄድ አለብን። አባይ ላይ እንግዳን መምራት አዲስ ሥራ አይደለምና።

ከታወቀው እንጀምር። ጀምስ ብሩስ የተባለው ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ሰከላ ግሽ ድረስ ሄዶ የአባይን ምንጭ አየ። «አገኘሁ» ብሎ ጻፈ። ከሱ በፊት እ.ኤ.አ. በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ ከአጼ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ማየቱን እንኳ ሊቀበል አልፈለገም። የአገሩ ሰው ማየቱማ አይቆጠርም! ግን ብሩስ አንድ ደግ ነገር አድርጓል። መንገድ የመራውን ሰው በስሙ ጽፎታል፣ ወልዶ ይለዋል። ወልዶ ምንጩን ለማሳየት ብሩስ ወገቡ ላይ የታጠቀውን ቀይ የሐር መቀነት ፈለገ፣ ብሩስም ፈትቶ ሰጠው። ምንጩም ታየ። ተማሪዎች ስለ ብሩስ ሲማሩ ስለ ወልዶ አይማሩም። ለኔ ግን የዚያ ታሪክ ቁልፍ ሰው ወልዶ ነው። እውቀቱ የሱ ነበር፣ ዋጋው አንድ መቀነት ሆነ፣ ዝናው ለሌላ ሰው ሄደ።

ወልዶ ግን ቢያንስ ስሙ ተረፈ። ወደኛ ወደ ታች ስንወርድ ስሙም እየጠፋ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1821 እና 1822 የግብጽ ጦር በእስማኤል ፓሻ እየተመራ ወርቅና ባሪያ ፍለጋ እስከ ፋዞግሊና እስከ በርታ ምድር ዳርቻ ወጣ። ፍሬደሪክ ካዮ የተባለ ፈረንሳዊ አብሮ ነበር፣ ያየውንም በመጽሐፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሁዋን ማሪያ ስኩቨር የተባለ ሆላንዳዊ ወደ ቤንሻንጉል መጥቶ ስለ አካባቢው ሕዝቦች ብዙ ጻፈ። እነዚህ ሰዎች አንድም ቀን ብቻቸውን አልተጓዙም። ውሃ የት እንዳለ፣ ወንዙ የት እንደሚሻገሩት፣ አዞ የት እንደሚበዛ የነገራቸው ሰው ነበር። እኛ የምናውቀው ግን የነሱን ስም ነው።

ከዚያ በ1890 ዓ.ም. አካባቢ የራስ መኮንን ዘመቻ መጣ፣ የሼህ ሆጀሌ አል-ሐሰን ዘመንም ተከተለ፣ ቤንሻንጉል ወደ ምኒልክ መንግሥት ገባ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1902 ምኒልክና እንግሊዝ የድንበር ውል ተፈራረሙ፤ ያ በአባይ ጉዳይ እስከ ዛሬ የሚያጨቃጭቀው ውል ማለት ነው። በበነጋው ዓመት ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ ሀብታም አባይን በጀልባ ወርጄ ሱዳን እገባለሁ ብሎ ተነሳ። ጀልባዎቹ ገና ብዙ ሳይርቁ ተሰባበሩ። ገንዘብ ነበረው፣ ጀልባ ነበረው፣ ውሃውን ግን አያውቀውም።

በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ሌላ መንገድ መረጠ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ባለው ጊዜ አባይን በጀልባ ሳይሆን ከበቅሎና ከአገር ሰው ጋር ዳር ዳሩን እየሄደ በካርታ ላይ አሰፈረው። እ.ኤ.አ. በ1936 መጽሐፉን አወጣ። በማክሚላንና በቺዝማን መካከል ያለው ልዩነት ጀግንነት አይደለም። ቺዝማን አንድ ወንዝ የሚታወቀው ዳሩ ላይ በሚኖር ሰው መሆኑ ገብቶታል።

እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ ካፒቴን ብላሽፎርድ ስኔል የእንግሊዝ ወታደሮችንና ሳይንቲስቶችን ይዞ በአጼ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ መጣ። ከሸፋርታቅ ድልድይ ወደ ታች፣ ወደኛው ሲርባ ወረዱ። ከቡድኑ አንድ ሰው ውሃ በላው። እ.ኤ.አ. በ2004 ሁለት አሜሪካውያን ጉዞውን ከምንጩ እስከ እስክንድርያ ጨረሱት፣ ፊልምም ተሠራበት። እነዚህ ሁሉ ጎበዞች ናቸው፣ አላቃልላቸውም። ግን አንድ ነገር እዩ፤ በየዘመኑ «የመጀመሪያው» የሚባለው ሰው ከሩቅ የመጣው ነው።

ዓሣው ራሱ እንኳ ይሄንን ይመሰክራል። ኤድዋርድ ሩፐል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ የጣናን ዓሣዎች ለሳይንስ መዘገበ። ካወጣላቸው ስሞች መካከል «ቤሶ» እና «ጎርጓሪ» አሉ። ስትሰሙት የማን አፍ ነው የሚመስለው? ወደ 70 ዓመት ያህል ቆይቶ ደገን የተባለ ሰብሳቢ መጣ፣ ዓሣ ሰብስቦ ለንደን ላከ፣ አንዱ የጣና ዓሣ በስሙ «ደገኒ» ተባለ። ዓሣውን ከውሃ ያወጣው አጥማጅ ግን በየትኛውም ዓሣ ላይ ስሙ የለም።

«ስም ቢጠፋ ምን ይጎዳል? ስም አይበላ» የሚል ሰው ይኖራል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ ያለው። ስም ያልተጻፈለት ሰው ፈቃድ ሲሰጥም አይጻፍም። ይሄንን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ጣናን እንመልከት።

ጣና ላይ ዓሣ የማጥመድ ነባር እውቀት የነበራቸው ወይጦዎች ናቸው። በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን እየሄዱ በትንንሽ መረብና ወጥመድ ያጠምዱ ነበር። በ1978 ዓ.ም. አካባቢ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና ረጃጅም የናይለን መረቦች መጡ። ዓላማው ጥሩ ነበር፣ ዓሣው እስከ ባሕር ዳርና ከዚያም አልፎ እንዲሸጥ ነው። ነገር ግን ጣና ውስጥ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ፣ ከአንድ ዘር የወጡ ከ15 የማያንሱ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች አፍ ይሰበሰባሉ። ልክ እንደ ሳልመን በሉት፤ የሚሄዱበት መንገድና ወር የታወቀ ነው። ባለ ሞተሩ መረብ ያንን ወርና ያንን የወንዝ አፍ ጠበቀ። ጥናት ያደረጉ ሰዎች እንደጻፉት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 ባሉት 10 ዓመታት ብቻ የነዚህ ዓሣዎች ምርት ወደ 75 በመቶ ወረደ። 10 ዓመት! አንድ ተማሪ አንደኛ ክፍል ገብቶ አሥረኛ እስኪጨርስ ማለት ነው።

ነባሩ ሰው ሁሉ መልአክ ነው እያልኩ አይደለም። እኛም አገር ብርብራ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መጨመር አለ፤ ዓሣውን አስክሮ ትልቁንም ትንሹንም ያንሳፍፈዋል። ትንሽ ወንዝ ላይ በዓመት አንዴ ሲሆንና ሐይቅ ዳር በየሳምንቱ ሲሆን አንድ አይደለም። ለማለት የፈለግኩት ውሃውን የሚያውቅ ሰው በውሳኔው ውስጥ ከሌለ እውቀቱም ከሌለበት ይቆጠራል ነው።

ጣና ግን የቆየ ሐይቅ ነው። ንጋት በግድብ የተወለደ ስለሆነ ወንድሞቹን መፈለግ ያለብን አፍሪካ ውስጥ በግድብ ከተወለዱት ሐይቆች መካከል ነው። ሁለቱን ልንገራችሁ።

አንደኛው ካሪባ ነው፣ በዛምቢያና በዚምባብዌ መካከል ዛምቤዚ ላይ። ውሃው ሲሞላ ወደ 57,000 የሚሆኑ የቶንጋ ሕዝቦች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ከወንዙ ዳር ተነሱ። አዲስ ሐይቅ አንድ ጠባይ አለው። ውሃው ሲገባ ሣሩ፣ ቅጠሉ፣ አፈሩ፣ ሁሉም ለዓሣ ምግብ ይሆናል፤ ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዓሣው እንደ ጉድ ይበዛል። ከዚያ ያ ምግብ ሲያልቅ ይቀንሳል። በዛምቢያ በኩል ያለው ዳር መጀመሪያ አካባቢ ለቶንጋዎች ተከልሎ ነበር። በገበሬነት የሚታወቁ ሰዎች መረብ ይዘው በጥቂት ዓመት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ አጥማጆች ሆኑ። ይሠራል ማለት ነው! ግን ክልከላው ተነሳ፣ የጥጋቡ ዘመንም አለፈ። ኋላ ከታንጋኒካ ሐይቅ ካፔንታ የምትባል ትንሽ ዓሣ መጥታ ተለቀቀች። እሷን በሌሊት በመብራት ለማጥመድ ትልቅ ጀልባና ካፒታል ያስፈልግ ነበርና ሥራው ካፒታል ላለው ሄደ። የነብር ዓሣ በመንጠቆ የሚያጠምደው እንግዳም መጣ፣ በየዓመቱ ውድድር የሚደረግበት ሆነ፣ ቤት የሚያህሉ የኪራይ ጀልባዎች ተሠሩ። የጀልባዎቹ ባለቤቶች በአብዛኛው እነዚያ ከወንዙ ዳር የተነሱት አልነበሩም።

ሁለተኛው ናስር ሐይቅ ነው፣ አስዋን። ውሃው ሲሞላ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በግብጽ በኩል ወደ 50,000፣ በሱዳን በኩልም የዚያኑ ያህል ኑብያውያን ከአባይ ዳር ተነስተው ሩቅ ቦታ ሰፈሩ። ባዶ በሆነው ዳር ላይ ሊያጠምድ የመጣው በብዛት ከላይኛው ግብጽ፣ ከሶሃግና ከቄና የመጣ ሰው ነው። ዛሬ ናስር ሐይቅ በዓለም ላይ ናይል ፐርች ለማጥመድ ከሚመረጡ ቦታዎች አንዱ ነው። እንግዳው ለቀናት ጀልባ ላይ እያደረ ያጠምዳል። የሚያጠምደው የሰመጡ የኑብያ መንደሮች ላይ ነው።

ቆም ብላችሁ አስቡት። ዓሣው የሚወደው ውሃው ውስጥ ያለ ድንጋይ፣ የሰመጠ ዛፍ፣ የድሮ የወንዝ መገናኛ፣ ገደል ነው። የንጋት ሐይቅ ወለል ምን እንደሚመስል የሚያውቀው ማን ነው? እዚያ ላይ በእግሩ የሄደ ሰው ነዋ! ማሽላውን የዘራበት ሜዳ፣ ማር የቆረጠበት ዛፍ፣ ከብቱን ያጠጣበት የወንዝ ዳር ዛሬ ከውሃ በታች ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ጉሙዞችና ሌሎች ወገኖቻችን ለዚህ ግድብ ብለው ከቀያቸው ተነስተዋል። መላው ሕዝብ ቦንድ ገዛ፣ እኛ መምህራንም ከደሞዛችን ሰጥተናል። እነሱ ግን መሬታቸውን ሰጡ። በዚያ ላይ የመተከል የመከራ ዓመታት ተጨመሩበት። የሐይቁን ወለል ካርታ በጭንቅላታቸው የያዙት እነሱ ናቸው። ያ ካርታ በማንኛውም መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ የለም፤ ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል።

አሁን ወደዚያች 360 ቀን እንመለስ። የኛ አገር አንድ የአርባ ዓመት አጥማጅ፣ ከአባይ ዳርም ሆነ ከዳቡስ ወይም ከበለስ፣ ውሃ ላይ ያሳለፈው ቀን 360 አይደለም፤ በሺህ ነው የሚቆጠረው። ወረቀት ግን የለውም። ነገ «የጀልባ መሪ ፈቃድ ይወጣል፣ መስፈርቱ እንዲህ ነው» ሲባል ወረቀት ያለው ይወስደዋል፤ እሱ ደግሞ ሻንጣ ተሸካሚ ይሆናል። እንግዳው ሲመጣ ወረቀት ያለው ልጅ «ዓሣው የት ነው?» ብሎ እሱኑ ይጠይቀዋል። የወልዶ ታሪክ እንደገና ማለት ነው፣ ለዚያውም ያለ መቀነት።

ተስፋ የለውም ወይ? አለው። ለዚህ ነው መጀመሪያ ላይ የሳልመኑን አገር ያነሳሁት።

እ.ኤ.አ. በ1854 እና 1855 በዛሬው ዋሽንግተን ግዛት ያሉ ነባር ሕዝቦች መሬታቸውን በውል ለመንግሥት ሲለቁ አንድ ነገር አስጽፈው ነበር፤ በለመዱት ቦታ ዓሣ የማጥመድ መብታቸው እንደተጠበቀ ይሆናል የሚል። መቶ ዓመት ሙሉ ማንም ዞር ብሎ አላየውም። ሳልመን ሲያጠምዱ ይታሰሩ ነበር። ቢሊ ፍራንክ የተባለው የኒስኳሊ ሰው ገና በ14 ዓመቱ ታሰረ፤ በሕይወት ዘመኑ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በመጨረሻ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀረበና እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ያችኑ የውል ቃል ይዞ ፈረደ፤ መያዝ ከሚገባው ዓሣ እስከ ግማሹ የነባሮቹ ነው አለ። ዓሣውን በመጠበቅም ከግዛቱ መንግሥት ጋር እኩል አስተዳዳሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ልብ በሉ፣ ያዳናቸው ጩኸት ብቻ አይደለም፣ ከ120 ዓመት በፊት ያስጻፉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

ሌላም አለ። አላስካ ላይ ሃሊበት የሚያስጠምዱ የኪራይ ጀልባዎች ሲበዙ እ.ኤ.አ. በ2011 የፈቃድ ቁጥር ተወሰነ። አብዛኛው ፈቃድ ቀድሞ በሥራው ለነበረ ተሰጠ። ነገር ግን ሕጉን ያወጡት ሰዎች አንድ ነገር አሰቡ። ጀልባ ለመግዛት አቅም አጥተው ገና ያልጀመሩ ትንንሽ የባሕር ዳር መንደሮች አሉ፤ በሩ አሁን ከተዘጋ ለዘላለም ውጭ ይቀራሉ። ስለዚህ ለነዚህ መንደሮች በስማቸው የተለየ ፈቃድ አስቀመጡላቸው። ፈቃዱ የመንደሩ ነው፣ ግለሰብ ሊሸጠው አይችልም።

እኛ ዘንድስ? ባዶ ሜዳ ላይ አይደለንም። በ1995 ዓ.ም. የወጣ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ አለ፣ ቁጥሩ 315 ነው። ክልል አለ፣ ወረዳ አለ፣ ማኅበራት አሉ። ሐይቁ ደግሞ ገና ልጅ ነው። ካሪባ በተማረበት ዕድሜ ላይ ሳይሆን በተሳሳተበት ዕድሜ ላይ ነን ማለት ነው። ሦስት ነገር ቢደረግ ብዬ አስባለሁ።

አንደኛ፣ የእንግዳ ጀልባ ፈቃድ መሰጠት ሲጀመር የተወሰነው ክፍል ለተነሱት መንደሮች በመንደሩ ስም ይቀመጥ። አቅም እስኪያገኙ ይቆይላቸው እንጂ «ጠይቀው አልወሰዱም» ተብሎ ለሌላ አይለፍ።

ሁለተኛ፣ ለመሪነት ፈተና ሲወጣ የወረቀት ብቻ አይሁን። ውሃው ላይ ይውጡና ይፈተኑ፤ ነፋስ ሲነሳ ወዴት ትሸሻለህ? የሰመጠው ዛፍ የት ነው? ጉማሬ የት ይውላል? በጉሙዝኛም፣ በበርታም፣ በሽናሽኛም ይመልሱ። ፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቅ ልጅ አብሯቸው ይቀመጥና ያስተርጉም፤ ያኔ ልጁም እንጀራ ያገኛል፣ ሽማግሌውም ክብሩን አያጣም።

ሦስተኛ፣ የወንዞቹ አፍ በክረምት ይከበር። ጣና ላይ የሆነው ንጋት ላይ እንዳይደገም ዓሣው ለመራባት የሚወጣበት ወርና ቦታ ይታወቅና መረብ ይነሳ። ትልቅ ናይል ፐርች ለማየት አገር አቋርጦ የሚመጣ እንግዳ ዓሣው ካለቀ አይመጣም።

የመጨረሻው ነገር የባለሥልጣን ሥራ አይደለም፣ የኔና የናንተ ነው። ከናንተ መካከል ጉባ፣ ሸርቆሌ፣ ሲርባ አባይ፣ ወምበራና ካማሺ ያላችሁ አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ መምህር ሆናችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ጤና ጣቢያ ናችሁ፣ አንዳንዶቻችሁ መረብ ይዛችኋል። ደብተር አውጡ። አባታችሁን፣ አጎታችሁን፣ የጎረቤት ሽማግሌውን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቁ። ይሄ ዓሣ በናንተ ቋንቋ ምን ይባላል? በየትኛው ወር ይመጣል? ውሃው ሳይሞላ በፊት ወንዙ የት ላይ ይጠልቅ ነበር? የት ነው ድንጋይ የሚበዛው? ማንስ አሳያችሁ? የሚነግራችሁን ሰው ስም፣ የአባቱን ስምና የመንደሩን ስም መጀመሪያ ላይ ጻፉ። ፎቶ አንስታችሁ ለኔም ላኩልኝ፤ እኔ በየወረዳው እየለየሁ አስቀምጠዋለሁ፣ አንድ ቀን ለክልሉም ለዩኒቨርሲቲውም እንሰጠዋለን።

ቢሊ ፍራንክን ያዳነው አያቶቹ ያስጻፉት መስመር ነው። የኛ አያቶች የሚያስጽፉበት ዕድል አላገኙም። እኛ ግን ፊደል ቆጥረናል፣ እስክሪብቶም አለን። ይሄው ነው የዛሬው ትምህርት።

ቸር ሰንብቱልኝ። መጀመሪያ ደብተሩን የሚልክልኝን አያለሁ!